ሲፒኦ የሌለው ጋቢ

ተወልጄ ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው፤ በቀጥታ ለመንግሥት የሸጠ ሸማኔ ግን አላውቅም። ለሙሽራ የሸጠ አውቃለሁ፣ ለሐዘንተኛ የሸጠ አውቃለሁ፣ በክረምት ከዋሽንግተን ለመጣች የሰው ዘመድ በሦስት እጥፍ የሸጠም አውቃለሁ። ፖስታ አሽጎ፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ገብቶ፣ ተወዳድሮና አሸንፎ ጋቢ ያስረከበ ሸማኔ ግን አላጋጠመኝም።

ይህን የምለው ነገሩን ከሁለቱም ወገን ስላየሁት ነው። አባቴ ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ የመጣ ዶርዜ ሸማኔ ነበር። እኔ እንጀራዬን የበላሁት በተቃራኒው በኩል ነው። ፈቃዴ ላይ «የውጭ ንግድ ረዳት» ይላል፤ ሰው የሚያውቀን «ኮሚሽን ኤጀንት» በሚለው ነው። የህንድ፣ የቱርክና የቻይና ፋብሪካዎች ለመንግሥት ብርድ ልብስ፣ የደንብ ልብስ ጨርቅ፣ ሸራና ድንኳን መሸጥ ሲያምራቸው አዲስ ዘመንን አገላብጬ ማስታወቂያውን የማገኝላቸው፣ ሰነዱን የምገዛላቸው፣ ፖስታው ላይ ሰም የማንጠባጥብላቸውና ጨረታው ሲከፈት ወንበር ላይ የምቀመጥላቸው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ለአገር ውስጥ ምርት ቅድሚያ የሚሰጠው የግዥ ሕግ የእኔን ኮሚሽን ሲነካው አይቻለሁ። የአባቴን ሸማ ሲነካው አላየሁም። የሽሮ ሜዳ ታሪክ እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ ነው የምጽፈው።

ከተማው ከእንጦጦ ወደ ፍልውኃ ወርዶ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲባል፣ ከተራራው ሥር ያለው መንገድ የእንጨት፣ የአህያና የእግረኛ መንገድ ነበር። በ1880ዎቹ የምኒልክ ሠራዊት ወደ ደቡብ ወርዶ የጋሞን ደጋ ካስገበረ በኋላ ሸማኔዎች ወደ ዋና ከተማው መምጣት ጀመሩ። አንዳንዱ በጌታ ቤት ተጠግቶ፣ አንዳንዱ ወንድሙን ተከትሎ፣ በኋላ ደግሞ እንደ አባቴ ያለው የአጎቱን ልጅ አድራሻ ይዞ መጣ። ሽሮ ሜዳ ባለበት በጉለሌ የሠፈሩት መሬቱ ርካሽ ስለነበር፣ ቤተ ክርስቲያኑና የመኳንንቱ ቤት ስለማይርቅ፣ ዘመድም ዘመድን ስለሚጠራ ነው። አገሬው በእነሱ የተሸመነውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፤ ሲሳደብ ደግሞ «ሸማኔ» ብሎ ይሳደባል። ይህን ልጅ ሆኜም ደርሼበታለሁ፤ ትምህርት ቤት «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉኝ መልሱን የምውጥበት ጊዜ ነበር።

ያ ሁሉ ሸማኔ ከተማ የገባው ግን ብቻውን አልነበረም። የውጭ ጨርቅ ቀድሞት ወይም አብሮት ገብቷል። በጊዜው ከውጭ ከሚመጣው ጨርቅ ስሙ የገነነው የአሜሪካ አቡጀዲ ነበር። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል ጄኔራል የነበረውን ሮበርት ስኪነርን ወደ ምኒልክ ሲልኩ፣ ከጉዳዩ ትልቁ ይኸው የጨርቅ ንግድ ነበር። ስኪነር እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ ወዲያ በቅፍለት ተጉዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. የንግድ ውል ተፈራርሞ ተመለሰ። ዛሬ የአሜሪካ ኤምባሲ በእንጦጦ መንገድ ላይ፣ ከሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ መደብሮች አጠገብ መቀመጡ እንዲሁ የሆነ ነገር ነው፤ እኔ ግን በአጥሩ ባለፍኩ ቁጥር አቡጀዲ ትዝ ይለኛል።

ከአሜሪካኖቹ ውል ይልቅ እጅ ያሰረው የፈረንሳዩ ነው። ጥር 1900 ዓ.ም. ክሎቡኮውስኪ የተባለው የፈረንሳይ መልእክተኛ ከምኒልክ ጋር የተፈራረመው ውል በሚገባው ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ገደበው። ሌሎቹ መንግሥታትም ለእኛም እንዲሁ ይደረግልን አሉ። ይህ ማለት የኢትዮጵያ መንግሥት «ሸማኔዬን ልጠብቅ» ብሎ ቢነሳ እንኳ፣ በውጭ ጨርቅ ላይ 20 ወይም 30 በመቶ የሚጥልበት መብት በገዛ በሩ ላይ አልነበረውም። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ሲደርስ ጨርቁ በፉርጎ መጣ። በ1920ዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች በዋጋ ወርደው አሜሪካኖቹን ከገበያው ገፏቸው። ጃፓን ከእኛ ጋር በ1923 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርማ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ቶኪዮ ድረስ ሄዱ። አሜሪካና ጃፓን በእኛ ገበያ ሲሻኮቱ ሸማኔው በመካከል ነበር፤ ጠባቂ ግን አልነበረውም።

ታዲያ እንዴት ተረፈ? ሁለት ነገር አደረገ ብዬ አምናለሁ። አንደኛው፣ ከውጭው ዕቃ ጋር ከመጣላት ይልቅ ከፊሉን ወደ ሽመና ጉድጓዱ አስገባው። ድሩን ከቦምቤይ በመጣ የፋብሪካ ክር አደረገ፤ ማጉን ሴቶች በእንዝርት ከፈተሉት ፈትል። የፋብሪካው ክር ስለማይበጠስ ሥራው ፈጠነ፤ ፈትሉ ስላለበት ሸማው ሸማ መሆኑ አልቀረም። እኔም ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ቀሰም ላይ ማግ ሳጠነጥን፣ አንዱ ክር ከፋብሪካ አንዱ ከሰሜን ሸዋ ሴቶች እጅ መምጣቱን በጣቴ እለየው ነበር፤ የፋብሪካው ይንሸራተታል፣ የእጁ ጣት ይይዛል። ሁለተኛው ነገር የዘወትር ልብሱን ለውጭ ጨርቅ ለቅቆ የበዓሉን ያዘ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል ሕዝብ ጨረታ አያወጣም፤ ከጃፓን የመጣ ርካሽ ነው ብሎም ጥምቀትን በአቡጀዲ አይወጣም። ሽሮ ሜዳን ለመቶ ዓመት ያቆየው ይኸው የልማድ ገበያ ነው። ቀረጥ አላቆየውም፤ የመንግሥት ግዥማ በአጠገቡም አላለፈ።

መንግሥት እንደ ገዢ ብቅ ያለው ከፋብሪካዎች ጋር ነው። ድሬዳዋ፣ አቃቂ፣ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ በ1953 ዓ.ም. የተሠራው ባሕር ዳር፤ ለእነዚህ ትልቁ ደንበኛ ወታደር፣ ፖሊስ፣ ሆስፒታልና አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎቹ ሲወረሱ ሻጩም ገዢውም አንድ ሆነ። ስለዚህ ጨረታ የሚባለው ነገር ለጨርቅ ትርጉም አጣ፤ ካኪው በኮታ ይመደባል፣ በኮታ ይሰፋል። ሸማኔውም በማኅበር ተደራጅ ተባለ። አባቴ ማኅበር የገባው ክር ፍለጋ ነው፤ ለማኅበር አባል ክር በመንግሥት ዋጋ ይደርሰዋል፣ ለግለኛው መርካቶ የጥቁር ገበያ ዋጋ ይጠብቀዋል። ሸማውን ግን መንግሥት አልገዛውም። ክሩን ከመንግሥት ይቀበላል፣ ጋቢውን ቅዳሜ ገበያ ይሸጣል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ማኅበሩም ኮታውም ይቀራል፤ የጋሞ ሰው ሁሉ ለመስቀል አገሩ ይገባል፣ ሽሮ ሜዳ ትዘጋለች ማለት ይቻላል። አንድ ግዥ ክፍል የመስከረም ርክክብ ቢጠይቅ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ መገመት ነው።

አሁን ወደ እኔ ሥራ ልምጣ። ከደርግ በኋላ የግዥ ሥርዓቱ ቀስ በቀስ ሕግ ለበሰ፤ በ1989 ዓ.ም. የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ፣ በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 430፣ ከዚያ እኛ የጨረታ ሰዎች በቃላችን የምናውቀው አዋጅ ቁጥር 649/2001። የዚህ አዋጅ ማስፈጸሚያ መመሪያ ሰኔ 2002 ዓ.ም. ወጣ። ለአገር ውስጥ ምርት የሚደረገው ልዩ አስተያየት ቁጥሩ የነበረው እዚያ ነው፤ ለአገር ውስጥ መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ 25 በመቶ፣ ለሌላ የአገር ውስጥ ምርት 15 በመቶ፣ ለግንባታና ለምክር አገልግሎት 7.5 በመቶ። የዓለም ባንክም በሚያበድረው ገንዘብ ለሚገዛ ዕቃ 15፣ ለግንባታ 7.5 ይፈቅዳል፤ ቁጥሮቹ ከዚያ መምጣታቸውን ማንም ያየ ይገምታል።

አሠራሩ ቀላል ይመስል ነበር። አንድ የህንድ ፋብሪካ ብርድ ልብስ በ1,000 ብር አቀረበ እንበል። የአገር ውስጡ 1,140 ብሎ ቢመጣ ያሸንፋል፤ ከ15 በመቶው ገደብ አላለፈምና። መንግሥት የሚከፍለው 1,140ውን ነው፤ ልዩነቱ ለማወዳደር ብቻ የሚታሰብ ነው። 1,160 ቢል ግን ህንዱ ይወስደዋል። ደንበኞቼ ይህን ስነግራቸው መጀመሪያ ይቆጣሉ፤ ቆይተው «ታዲያ የአገር ውስጥ ምርት የሚባለው ምንድን ነው?» ይላሉ። ጥያቄው እሱ ነው። መመሪያው ከዋጋው 35 በመቶና በላይ የሚሆነው ኢትዮጵያ ውስጥ የተጨመረ እሴት መሆን አለበት ይል ነበር። አቆጣጠሩም፣ ከጠቅላላ ዋጋው ላይ ለጥሬ ዕቃና ለአገልግሎት ወደ ውጭ የወጣውን መቀነስ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ስሌት ላሳይ፤ እኛ የምንኖርባት ክፍተት እዚያ ውስጥ ነበረችና። አንድ የደንብ ልብስ 1,000 ብር ተተመነ እንበል። ጨርቁ ከውጭ በ600 ይመጣል፣ ቁልፉ፣ ዚፑና ክሩ 80። ወደ ውጭ የወጣው 680 ነው፤ አገር ውስጥ የቀረው 320፣ ማለትም 32 በመቶ። ወደቀ። ያው ፋብሪካ፣ ያው ጨርቅ፣ ያው ዚፕ ይዞ ዋጋውን 1,100 ቢያደርገውስ? 420 አገር ውስጥ ቀረ፤ 38 በመቶ። አለፈ። ትርፍም እሴት ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው። ዋጋውን ከፍ ሲያደርግ የአገር ውስጥ ምርት ይሆናል፤ የአገር ውስጥ ምርት ሲሆን ደግሞ ከፍ ያለው ዋጋ በ15 በመቶው ይቻልለታል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ይህን ፈልገውት ነው አልልም። ቁጥሩን ከጨረታ ክፍሉ ወዲህ ሆኖ የሚያሰላ ሰው ግን እንዲህ ነው የሚያሰላው። ከዚያ በኋላ ብዙ የውጭ አቅራቢ ብልሃቱ ገባው፤ ያለቀ ልብስ መላክ ትቶ ጣቃ ጨርቅ መላክና እዚህ የሚሰፋ ሰው መፈለግ ጀመረ። ጨረታውን «ያሸነፈው» የአገር ውስጥ ስም ነው፤ ጨርቁ ያው የድሮው ደንበኛዬ ነው። እኔም ኮሚሽኔን ከጨርቁ ላይ አገኘሁ።

ሰዎች የውጭ ላኪን ከመንግሥት ግዥ የሚያስቀረው ይህ 15 በመቶ ይመስላቸዋል። በእኔ ልምድ ከሚያስቀሩት ነገሮች ትንሹ እሱ ነው። መመሪያው በወጣ በሁለተኛው ወር፣ ነሐሴ 26 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ባንክ ብርን ከዶላር አንጻር ከ13.60 አካባቢ ወደ 16.35 አወረደው። የውጭው ዋጋ በብር ሲመነዘር 20 በመቶ ገደማ ዘለለ፤ ልዩ አስተያየቱ ሊያደርገው ካሰበው በላይ በአንድ ሌሊት ሆነ። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ ብር 15 በመቶ ተቀነሰ፤ ያችው ቁጥር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅማ መቶኛ ማስላቱንም ተውነው። በእርግጥ የአገር ውስጡም ጨርቁንና ክሩን በዶላር ስለሚገዛ አብሮ ይመታል። ስለዚህ ከ15 በመቶው በፊት ሁለቱም ወገን ስለ ባንኩ የውጭ ክፍያ ሰነድ የሚጠይቀው «ኤልሲው መቼ ይከፈታል?» ነው።

ከዚያ ሥነ ሥርዓቱ ነበር። ሰነዱን በአካል ካልገዛህ አይሰጥህም ነበር፤ የጨረታ ማስከበሪያው ከውጭ ባንክ ከሆነ እዚህ ባለ ባንክ መረጋገጥ ነበረበት፤ ማስታወቂያው ወጥቶ የህንዱ ፋብሪካ ናሙና እስኪልክ ቀኑ ያልቅ ነበር። የአሜሪካ የንግድ ተወካይ ጽሕፈት ቤት ስለ ኢትዮጵያ በሚያወጣው ሪፖርት የአሜሪካ ኩባንያዎች የሚያቀርቡትን ሲዘረዝር፣ ጨረታ በድንገት መሰረዙን፣ ሰነድ በአካል ውሰዱ መባሉንና ለቻይና አቅራቢዎች ያደላል የሚለውን ቅሬታ አንስቷል። ስለመጨረሻው የምለው አለኝ። አዋጅ ቁጥር 649 ራሱ ከዓለም አቀፍ ስምምነት ጋር ከተጋጨ ስምምነቱ ይበልጣል ይል ነበር። ብድሩ ከቻይና ኤግዚም ባንክ ሲመጣ ተቋራጩም አብሮ ይመጣል፤ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር እንዲህ ነው የተሠራው። ለአገር ልጅ ቅድሚያ የሚሰጥ ሕግ በእጃችን አለ፤ የገንዘቡ ባለቤት ደግሞ ለራሱ አገር ልጅ ቅድሚያ የሚሰጥ ሌላ ሕግ ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ሲገናኙ የትኛው እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ሐዲዱን ማየት ይበቃል።

የውጭ ላኪ ሆነን ስንገኝ ደግሞ እኛም እንቀምሰዋለን፤ ይህን ለማሳየት ከሽሮ ሜዳ መውጣት አያስፈልገኝም። ከኤምባሲው አጥር ወዲያ ያለው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1933 የአሜሪካን ምርት ግዙ የሚል ሕግ አውጥቷል። የሚገርመው፣ በዚህ ሕግ በኩል ለእኛ በሩ ክፍት ነው። ከተወሰነ የገንዘብ መጠን በላይ በሆነ ግዥ፣ በማደግ ላይ ካሉት አገሮች እጅግ ድሆች ለተባሉት እገዳው ይነሳላቸዋል፤ የኢትዮጵያ ስም በዝርዝሩ ላይ አለ። ይሁን እንጂ እኛ ልንሸጥ የምንችለው ምንድን ነው? ልብስና ጨርቅ። እሱን ደግሞ ሌላ ሕግ ዘግቶታል። እ.ኤ.አ. በ1941 የመጣውና በኋላ የቤሪ ማሻሻያ የተባለው ድንጋጌ የአሜሪካ መከላከያ የሚገዛው ልብስ ከክሩ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ እንዲሆን ያዛል። በ15 በመቶ ተበልጠህ አይደለም የምትቀረው፤ ጭራሹን አትገባም። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጎዋ በተባለው የአሜሪካ ሕግ አማካይነት ያለ ቀረጥ ለአሜሪካ ሱቆች ሸሚዝ ሲልክ በነበረበት ዘመን እንኳ፣ ያው ፋብሪካ ለአንድ አሜሪካዊ ወታደር ካናቴራ መሸጥ አይችልም ነበር። የአጎዋው ዕድል እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ተቋረጠ፤ ወታደሩን የተመለከተው ሕግ ግን እንዳለ ነው። ከሽሮ ሜዳ ጋቢ ገዝቶ ለእናቱ የሚልክ የኤምባሲ ሠራተኛ እንደ ግለሰብ ደንበኛችን ነው። የመንግሥቱ መከላከያ ግን በሕግ አይገዛንም። እኔ በዚህ አልቆጣም፤ እንዲያውም የእኛ 15 በመቶ ምን ያህል ጨዋ እንደሆነች የገባኝ ይህን ሳነብ ነው።

ወደ ሸማኔው እንመለስ። በ35 በመቶው ሚዛን ቢለካ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሚቀድም የአገር ውስጥ አምራች የለም። የጥለቱ ክር ከህንድ ወይም ከቻይና ሊመጣ ይችላል፤ ድሩም እንዲሁ። ፈትሉ፣ ሽመናው፣ ቋጨራው፣ እጥበቱ ሁሉ እዚሁ ነው። መመሪያው ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ተጨማሪ ነገር አስቦላቸው ነበር፤ ከአገር ውስጥ ተወዳዳሪ ጋር ሲወዳደሩ 3 በመቶ፣ ሰነድ በነፃ፣ በጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ (በባንክ የክፍያ ማዘዣ) ፋንታም ያደራጃቸው አካል የሚጽፈው የዋስትና ደብዳቤ። በወረቀት ላይ በሩ ወለል ብሏል። ገበያውም አልጠፋም። የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ኅዳር 29 መከበር ከጀመረ ወዲህ መሥሪያ ቤቶች የባህል ልብስ ይገዛሉ፤ ስብሰባ ባለ ቁጥር ለእንግዳ ጋቢና ስካርፍ ይታደላል።

ከጡረታዬ በፊት፣ አንድ መሥሪያ ቤት ለእንግዶች ስጦታ ጋቢ እንደሚገዛ አስታወቀ። በሠፈራችን የተደራጁ ወጣት ሸማኔዎች፣ አብዛኞቹ የአባቴ ጓደኞች የልጅ ልጆች ናቸው፣ ሰነዱን እንዳዘጋጅላቸው ጠየቁኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ኮሚሽን ሠራሁ። የንግድ ፈቃድ አላቸው፣ ግብር ከፍለዋል፣ የዋስትና ደብዳቤውም ተጻፈ። ከዚያ ስፔሲፊኬሽኑን አነበብኩት፤ ሁሉም ጋቢ በመጠንና በክብደት አንድ ዓይነት፣ የጥለቱ ቀለም ከናሙናው የማይለይ፣ ርክክቡ በአንድ ጊዜ፣ ክፍያው ከርክክብ በኋላ፣ አቅራቢው የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ። ልጆቹ በመጨረሻው ወደቁ። እሱን ቢያልፉ በክፍያው ይወድቁ ነበር፤ ያን ሁሉ ፈትል በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ ወር ሙሉ የሚጠብቅ ሸማኔ የለም። አንደኛው ልጅ ወረቀቱን አጣጥፎ «እኛ ሲፒኦ የለንም፤ ያለን ጋቢ ነው» አለኝ።

ያሸነፈው የመርካቶ ነጋዴ ነበር። አሸንፎም ሰንበት ሳይሞላ ሽሮ ሜዳ መጣ፤ ከዚያው ማኅበር ልጆች፣ በየቤቱም ካሉት ሌሎች፣ አምስትም አሥርም እያደረገ ሰበሰበ። ዋጋው የዘወትሩ የገበያ ዋጋ ነበር፤ ትንሽም ቀነስ አድርጎታል፣ ብዙ ነው የምወስደው ብሎ። መንግሥት የሽሮ ሜዳን ጋቢ ገዛ ማለት ነው። ለአገር ውስጥ ምርት የተሰጠው ቅድሚያም በወረቀት ላይ በትክክል ተፈጽሟል። ነጋዴውን አልወቅሰውም፤ ገንዘቡን አስቀድሞ ያወጣው፣ ሥጋቱን የተሸከመው እሱ ነው። እኔም ዕድሜ ልኬን ከዚያው ዓይነት ሥራ ነው የኖርኩት።

በሌላ በኩል ገበያው ራሱ እየተለወጠ ነው። ዛሬ ሽሮ ሜዳ ብትወጡ ከግማሽ መንገድ ጀምሮ የተሰቀለው ቀሚስ ሁሉ የእጅ ሥራ አይደለም። ከቻይና በጣቃ የሚመጣ፣ ጥለቱ የታተመበት ጨርቅ አለ፤ ከሩቅ ልዩነቱ አይታወቅም፣ ዋጋው ግን ሲነካ ይታወቃል። አቡጀዲ የወሰደው የዘወትር ልብሱን ነበር፤ ይኸኛው የመጣው ለጥምቀቱ ነው። የልማድ ገበያው ሲሸረሸር የመንግሥት ገበያ ለሸማኔው ከበፊቱ የበለጠ ያስፈልገዋል ማለት ነው። በ2012 የትምህርት ዘመን የከተማ አስተዳደሩ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የደንብ ልብስ በነፃ ማደል ሲጀምር፣ የአንድ አስተዳደር ግዥ ስንት የልብስ ስፌት መኪና ሊያንቀሳቅስ እንደሚችል አይተናል። የሸማ ሥራ ግን እዚያ ውስጥ አልነበረም።

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ካመለከተችበት ከጥር 1995 ዓ.ም. ወዲህ፣ አባል ስንሆን ይህ ሁሉ ቅድሚያ ይቀራል የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። አይቀርም። የመንግሥት ግዥን የሚመለከተው ስምምነት የፈለገ የሚፈርመው፣ ያልፈለገ የሚተወው ለብቻው የቆመ ውል ነው፤ ዋናው የንግድ ስምምነትም መንግሥት ለራሱ ፍጆታ የሚገዛውን ከእኩል አያያዝ ግዴታ ነፃ አድርጎታል። የሚታሰረው ቀረጡ ነው። ከክሎቡኮውስኪ ውል ጋር የሚያመሳስለውም እዚህ ላይ ነው፤ በጉምሩክ በር ላይ እጅ ሲያጥር መንግሥት የሚቀረው የገዛ ቦርሳው ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 649 ፋንታ አዋጅ ቁጥር 1333 ወጥቷል፤ ጨረታውም በኤሌክትሮኒክስ ሆኗል። የሰሙ ጊዜ አብቅቷል። ሰነድ በአካል ለመግዛት መሰለፉም እንዲሁ፤ ይህ ከሁሉ በላይ የጠቀመው የውጭውን አቅራቢ ሳይሆን አይቀርም፤ እንደ እኔ ያለውን ሰውም ከሥራ ያስወጣዋል፣ እሰየው።

ለሸማኔው የሚሆነው ነገር ግን ከመቶኛው ውስጥ የለም። ጨረታውን በሎት መከፋፈል ይቻላል፤ 400 ጋቢ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት በአንድ ጨረታ አሥር ሎት አውጥቶ እያንዳንዱን 40 ቢያደርገው፣ አንድ ማኅበር አንዱን ሎት አቅሙ ይችለዋል። ቅድመ ክፍያም ሊታሰብ ይችላል። ይህን ለአንድ የግዥ ባለሙያ ነገርኩት፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ መመሪያውን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። በትዕግሥት ሰማኝና «ጋሼ፣ አሥር ሎት ማለት እኮ አሥር ውል፣ አሥር ርክክብ፣ አሥር ክፍያ ነው። ግዥ ከፋፍለሃል ብሎ ኦዲተር ሲመጣ እርስዎ አይመልሱልኝም» አለኝ። ማስታወቂያው በሳምንቱ ወጣ፤ በአንድ ሎት።